በጾም ወቅት እናቴን ይዤ የምሄድበት ትንሽ የፍል ውኃ ማረፊያ በጃፓን ገጠር እንዴት ልምረጥ?

ጠያቂ (ከቺባ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቺባ ነው። እናቴ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከባሕር ዳር መጥተው ሁለት ወር ያህል አብረውኝ ይቆያሉ። በዚህ መካከል ከከተማ አውጥቼ፣ ሪዮካን ከሚባሉት የገጠር የፍል ውኃ ማረፊያዎች በአንዱ ሁለት ሌሊት ላሳድራቸው አስቤአለሁ። ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል አልፈልግም፤ ክፍሎቹ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት የማይበልጡ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በር ላይ ወጥተው እንግዳ የሚቀበሉበት ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሁለታችን በሌሊት እስከ 40,000 የን መክፈል እችላለሁ።

የተቸገርኩት በምርጫው ነው። በመያዣ ድረ ገጾች ላይ ያየኋቸው ቤቶች ሁሉ የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው፤ በረዶ፣ የእንጨት ገንዳ፣ ከላዩ የሚነሣ እንፋሎት። ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ሆኖ ይገኛል፤ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ሊገባኝ አልቻለም።

ስለ እናቴ ሁኔታ ጥቂት ልግለጽ። ዕድሜያቸው 68 ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል በግንባራቸው ላይ፣ ሌላ ንቅሳት ደግሞ በአንገታቸው ዙሪያ አለ፤ ጃፓኖች ንቅሳት ያለበትን ሰው መታጠቢያ ቤት አያስገቡም ሲባል ሰምቻለሁ። በሰው ፊት ዕርቃናቸውን መታጠብ ደግሞ ለእናቴ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ የምንሄደው ከኅዳር 15 በኋላ ስለሆነ የነቢያት ጾም ውስጥ እንሆናለን፤ እናቴ በጾም ዓሣ አይበሉም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምሱም። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚያስተናግድ ትንሽ ቤት ይገኝ ይሆን? ወይስ ሐሳቡን ከነጭራሹ ልተወው?

መልስ (ከሰንዳይ)

ሐሳቡን አይተዉት፤ የሚሆን ቤት ይገኛል። በመጀመሪያ ስለ ዋጋው ልመልስልዎት። ሪዮካን የሚያስከፍለው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ በተለምዶም እራትና ቁርስ በዋጋው ውስጥ ይቆጠራሉ። ደኅና የሆነ የገጠር ቤት በሰው ከ12,000 እስከ 25,000 የን አካባቢ ይገኛል፤ በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 150 የን የሆነ የመታጠቢያ ቀረጥ ለየብቻ ይከፈላል። ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በዋናነት የእራቱ ዓይነት ነው። ክፍሉ የራሱ ገንዳ ካለው ይጨምራል፤ ቅዳሜ ሌሊትና ቅጠል በሚቀላበት ሰሞንም እንዲሁ። እናንተ የምትሄዱት ጃፓኖች የሠራተኛ ምስጋና በዓላቸውን ኅዳር 14 ገደማ ካከበሩ በኋላ ስለሆነ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትገቡ ያው ክፍል በቀነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል።

ከፎቶግራፉ ይልቅ ግን የውኃውን ወረቀት ይመልከቱ። በ1948 (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በወጣው የፍል ውኃ ሕግ መሠረት አንድ ውኃ ኦንሰን የሚባለው ከምንጩ ሲወጣ ሙቀቱ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሕጉ ከዘረዘራቸው 19 ንጥረ ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነው መጠን ከያዘ ነው። ስለዚህ ከመሬት ለብ ብሎ ወጥቶ በማሞቂያ የሚሞቅ ውኃም በሕግ ኦንሰን ነው፤ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት እየተመላለሰ የሚያገለግለውም እንደዚያው። በ2004 ናጋኖ ውስጥ በነጭ ውኃው የታወቀ አንድ መንደር ውኃውን ለማንጣት ዱቄት ሲጨምር መገኘቱ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር፤ በዓመቱ ደንቡ ተሻሽሎ እያንዳንዱ ቤት ውኃ መቀላቀሉን፣ ማሞቁን፣ ማመላለሱንና መድኃኒት መጨመሩን በግልጽ እንዲለጥፍ ተገደደ። ይህ ማስታወቂያ ከምርመራው ውጤት ጋር ልብስ በሚወለቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ በውኃቸው የሚኮሩ ቤቶች ደግሞ በድረ ገጻቸውም ያወጡታል። ውኃው ከምንጩ በቀጥታ ገብቶ ሞልቶ እየፈሰሰ የሚወጣበት ቤት ከሆነ፣ ይህንኑ ሳይናገር አያልፍም።

ለእናትዎ ከሁሉ በፊት የአሲድነቱን መጠን ያጣሩ። በጉንማ የሚገኘው የኩሳትሱ ውኃ ፒኤች 2 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል)፣ በአኪታ የሚገኘው የታማጋዋ ደግሞ 1.2 ነው፤ ይህ ከሎሚ ጭማቂ የማይተናነስ ስለሆነ ዕድሜ ላሳሳው ቆዳ አይመከርም። ጨዋማው ወይም ሻካራነት የሌለው አልካላይን ውኃ ይሻላቸዋል። ሰዎች በጣም የሚወዱት ነጩ የድኝ ውኃ፣ ለምሳሌ በኒዩቶ ከሚገኙት ሰባት ማረፊያዎች በጥንታዊነቱ የታወቀው የትሱሩኖዩ ውኃ፣ ውበቱ የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን ድኝ ብርን ያጠቁራል። እናትዎ በማተባቸው ላይ የብር መስቀል የሚያስሩ ከሆነ፣ ገና እንፋሎቱ ሲነካው ቡናማ ይሆንና በማግሥቱ ጠቁሮ ያገኙታል። አውልቁ ቢባሉ እሺ ይላሉ ብዬ አልገምትም፤ ስለዚህ ከድኝ ውኃ መራቁ ይቀልዎታል።

ስለ ንቅሳቱ የሰሙት በከፊል እውነት ነው። የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ በ2015 ማረፊያዎችን ጠይቆ 56 በመቶዎቹ ንቅሳት ያለበትን ሰው ወደ ጋራ መታጠቢያ እንደማያስገቡ መልሰዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሆካይዶ አንዲት የማኦሪ ተወላጅ በፊቷ ላይ ባለው ባህላዊ ንቅሳት ምክንያት ከመታጠቢያ ቤት መመለሷ አገሪቱን ሲያነጋግር ቆይቶ ነበር። ክልከላው የታሰበው በንቅሳታቸው ለሚታወቁት የወንበዴ ቡድን አባላት ነው፤ በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ግን ልዩነቱን ላያመዛዝን ይችላል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ቤቶች ከውስጥ የሚቆለፍ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ ለ40 ደቂቃ ወይም ለአንድ ሰዓት የሚይዘው ካሺኪሪ የሚባል ገንዳ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሩ ላይ ምልክት አንጠልጥሎ መግባት ይቻላል። እናትዎ ብቻቸውን ገብተው ይቆልፉታል፤ ንቅሳቱም ዕርቃኑም አብሮ መልስ አገኘ ማለት ነው። ጨርቅ ይዞ ገንዳ ውስጥ መግባት በአብዛኛው ስለማይፈቀድ፣ ቀጭን የመታጠቢያ ልብስ መልበስ ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱላቸው።

መልስ (የጓዳ ሰው፣ ከኦሳካ)

የሰንዳዩ ወንድሜ ስለ ውኃው በሚገባ ጽፈዋል። እኔ ግን የሚያስቸግራችሁ ወጥ ቤቱ ይመስለኛል።

ትንሽ ሪዮካን አንድ ወጥ ሠሪ፣ አንድ ዝርዝር ነው ያለው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም ልጁ ነው። ዓሣውንና አትክልቱን ቀደም ብሎ ስለሚያዝዝ በዕለቱ «እኛ ጾመኞች ነን» ቢባል የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም። አስቀድማችሁ ነግራችሁትም ቢሆን «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም። ወጥ ሠሪው ዓሣውን ከሳህኑ ያነሣዋል፣ ነገር ግን ሾርባው፣ የተቀቀለው ዱባ፣ የቶፉው ማባያ፣ የጥብሱ ማጥቀሻ ሳይቀር ዳሺ በሚባለው መረቅ የተሠራ ነው፤ ዳሺ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር ቅጠል ይወጣል። ቀቅለው በሚያቀርቡት ቆስጣ መሰል ቅጠል ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ደረቅ ዓሣ ይነሰነስና ከሙቀቱ የተነሣ ይርገበገባል፤ እናትዎ ይህን ሲያዩ ማዕዱን ትተው ይነሣሉ። ጃፓኖች ይህን ከቅመም እንጂ ከዓሣ አይቆጥሩትም፤ ያለ ክፋት ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ መረቁ ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ቅጠልና ከደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ብቻ እንዲሠራ ብላችሁ በቃል በቃል ጻፉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበሉም አንድ በአንድ ጥቀሱ። «ሾጂን» ካላችሁ የቡድሃ መነኮሳትን የአትክልት ምግብ ስለሚያውቁት ወዲያው ይገባቸዋል፤ በሃይማኖት ምክንያት መጾምም ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁርሱን ተዉት። የሚቀርበው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እናትዎ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ ከሆነ ገንዘቡ ያለ ጥቅም ይሄዳል። እራት ብቻ ያለበትን የአዳር ዋጋ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እንግዳ የሚገባበት ሰዓት ደግሞ ዘጠኝ መሆኑ ደስ ይላል፤ ክፍሉ ስትደርሱ ሻይና ትንሽ ጣፋጭ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃችኋል። ጣፋጩ ብዙ ጊዜ የቀይ ባቄላ ገንፎ በሩዝ ሊጥ ተጠቅልሎ ነው፤ እንቁላልና ቅቤ እንደሌለበት ካረጋገጣችሁ የጾም መግደፊያ ይሆንላቸዋል። እራት አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ በሰዓቱ ማዕድ ላይ መገኘት ግዴታ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሌላም መንገድ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በቶሆኩ፣ ገበሬዎች ከአጨዳ በኋላ ሩዛቸውንና ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ድልህ ተሸክመው እየሄዱ ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆዩበት፣ ቶጂ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ለዚህ የተሠሩት ቤቶች ዛሬም እንግዳው ራሱ የሚያበስልበት የጋራ ወጥ ቤት አላቸው። በኢዋቴ ሀናማኪ አጠገብ የሚገኘው ኦሳዋ ኦንሰን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የጋዝ ምድጃው 10 የን ሳንቲም ሲገባበት ለጥቂት ደቂቃ ይነዳል። በአውሞሪ ሱካዩም፣ በሚያጊ ናሩኮም እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉ። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ብትሄዱ የዳሺ ጭንቀት የለም፤ ዋጋውም ከሙሉ አገልግሎቱ በብዙ ያንሳል። እኔ ብሆን ይህን ነበር የምመርጠው።

መልስ (ከታካሳኪ)

ከይቅርታ ጋር ከእኅታችን ሐሳብ እለያለሁ። ቶጂ ቤት ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ሸጋ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ግፊት ላለባቸው እናት፣ ያውም በኅዳር መጨረሻ፣ አይሆንም። ቤቱ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ሽንት ቤቱ በኮሪደሩ ማዶ ነው፤ ኮሪደሩ ማሞቂያ ላይኖረው ይችላል። እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ይህን ያህል መንገድ መጥተው በጋራ ወጥ ቤት ሽሮ እንዲያማስሉ ማድረግም ልክ አይመስለኝም።

ስለ ግፊቱም ማንም አላነሣውም። የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በሚያወጣው መመሪያ አረጋውያንና የደም ግፊት ያለባቸው 42 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ገንዳ እንዳይገቡ ይመከራል። ከሙቅ ክፍል ወጥቶ በቀዝቃዛ ኮሪደር አልፎ ወደ ፍል ውኃ መግባት ግፊቱን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርገዋል፤ በጃፓን ክረምት በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሚደርሰው የአረጋውያን ሞት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ልብስ የሚወለቅበት ክፍል ማሞቂያ እንዳለው ጠይቁ፤ ከመግባታቸው በፊትም ሙቅ ውኃ ከእግር ጀምሮ ቀስ በቀስ ያፍስሱ፤ መጀመሪያ እስከ ወገባቸው ብቻ ይግቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሐኪማቸውንም ከመነሣታችሁ በፊት ያማክሩ።

ቦታውን በተመለከተ ከቺባ ለምትነሡ ሰዎች የምመክረው በጉንማ የሚገኘውን ሺማ ኦንሰን ነው። ከኡዌኖ በቀጥታ በሚሄደው ፈጣን ባቡር ናካኖጆ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ 40 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 መንግሥት ለጤና የሚረዱ ብሎ መጀመሪያ ከመረጣቸው ሦስት የፍል ውኃ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሱካዩና የኒኮ ዩሞቶ ናቸው። ውኃው ጥርት ያለና ጨዋማ ነው፤ ገላን ለረጅም ጊዜ ያሞቃል፣ እንደ ኩሳትሱ አይቆጠቁጥም። መንደሩ በወንዝ ዳር የተዘረጋች ጠባብ ሰፈር ናት፤ የገበያ ግርግር የለባትም። በ1691 የተሠራው የሴኪዘንካን ዋና ሕንፃ ያለውም እዚያው ነው፤ በ1930 የተሠራውን፣ ቅስት መስኮቶችና አምስት የድንጋይ ገንዳዎች ያሉትን መታጠቢያ ቤቱን ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለማደር ግን እንዲህ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ከነደረጃው ሳይሆን፣ በዚያው ሰፈር አሳንሰር ያለውን አነስተኛ ቤት ፈልጉ።

ሲመርጡ በክፍሉ ፎቶግራፍ ላይ አልጋ መኖሩን ይመልከቱ። ታታሚ በሚባለው የሣር ወለል ላይ የሚነጠፍ ፉቶን የሚባል ፍራሽ ለማየት ያምራል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ግን ከዚያ ለመነሣት የሚይዙት ነገር ያጣሉ። እራቱም በወንበርና በጠረጴዛ የሚቀርብበት ይሁን። ገንዳው ውስጥ የእጅ መደገፊያ መኖሩን፣ ከክፍሉ እስከ ገንዳው ስንት ደረጃ እንዳለም ይጠይቁ፤ «ቅርብ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ፣ የደረጃውን ቁጥር ያስነግሩ።

በዋካያማ ያለውን ዩኖሚኔን የሚያወድስ ሰው ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሜ ልናገር። ትሱቦዩ የምትባለው፣ በወንዙ ላይ በቆመች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ያለችው ትንሽ ገንዳ በ2004 በዩኔስኮ ከተመዘገበው የኩማኖ መንፈሳዊ መንገድ ጋር የዓለም ቅርስ ሆናለች፤ አንድ ቡድን ተራውን ጠብቆ ለ30 ደቂቃ ብቻውን ይታጠብባታል። በመንደሩ መካከል በሚፈላው ምንጭ ውስጥም ሰዎች ስኳር ድንችና እንቁላል በመረብ እያንጠለጠሉ ይቀቅላሉ። በእርግጥ ለእናትዎ ጠባይ ይስማማ ነበር፤ ነገር ግን ከቺባ በሺንካንሰን፣ በሌላ ባቡርና በተራራ አውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ጠያቂ (ከቺባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ሺማ ለመሄድ ወስኛለሁ፤ ካሺኪሪ ገንዳ፣ አልጋና አሳንሰር ያላቸውን ሁለት ቤቶችም አግኝቻለሁ፤ ለአንደኛው ልጽፍ ነው። ሁለት ነገር ይቀረኛል። እናቴ የሚታጠቡት ተቆልፎ ከሆነ ስለ ንቅሳቱ መጻፍ ያስፈልጋል ወይስ ዝም ልበል? ደብዳቤውስ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል? የእኔ ጃፓንኛ ለሥራ ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለ ጨዋ ጥያቄ አይደፍርም።

መልስ (የጓዳ ሰው፣ ከኦሳካ)

የታካሳኪው ወንድሜ ስለ ኮሪደሩ ቅዝቃዜ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስለ ሽሮው ግን እናቶች ምን እንደሚመርጡ ራሳቸው ይናገሩ።

ንቅሳቱን ጻፉት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የአንገታቸው በነጠላ ይሸፈን ይሆናል፤ የግንባራቸው ግን በር ላይ ሲቀበሏችሁ ይታያል፤ ባለቤቶቹ አስቀድመው ካወቁ ዓይናቸውን አያፈጡም፣ እናትዎም አይሸማቀቁም። ደብዳቤው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረስ፤ ልመናም ሐተታም አይብዛበት። እኔ እንዲህ ብዬ እጽፈው ነበር፤ «የ68 ዓመት እናቴን ይዤ ለሁለት ሌሊት ልመጣ አስባለሁ። እናቴ ኢትዮጵያዊት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው፤ በዚህ ወቅት ስለሚጾሙ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አይበሉም። መረቁ ከኮምቡና ከሺታኬ ብቻ ሊሠራላቸው ይችላል? ዝርዝሩ ቀለል ያለ ቢሆን ቅር አንሰኝም። ቁርስ አያስፈልገንም። በግንባራቸውና በአንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት የመስቀል ምልክት አለ፤ የሚታጠቡትም በካሺኪሪው ገንዳ ብቻ ነው። የማይመች ነገር ካለ ያለ ይሉኝታ ይንገሩን።» ይህን የሥራ ባልደረባዎ ወደ ጨዋ ጃፓንኛ ይመልስልዎታል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዉ፤ ጃፓኖች እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው በሩን እናንተ ካልከፈታችሁላቸው «እንሞክራለን» ይሏችኋል፤ ያ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሆንም ማለት ነው። ሾርባውን ስም ጠርተው ከምን እንደሚሠሩት ከጻፉላችሁ ግን በሚገባ አስበውበታል።

መልሱ ከዘገየ ስልክ ደውሉ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንግዳ ወጥቶ ሌላው ስላልገባ ሰው ታገኛላችሁ። የስረዛውን ደንብም አንብቡ፤ በዕለቱ ወይም በዋዜማው ለሚቀር እንግዳ ትንንሾቹ ቤቶች ብዙውን፣ አንዳንዴም ሙሉውን ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ለእራቱ የተገዛው ዕቃ ስለሚበላሽባቸው አይፈረድባቸውም። ለእናትዎ ፓስፖርታቸውን ያዙላቸው፤ በጃፓን አድራሻ የሌለው የውጭ ዜጋ ሲያድር ቅጂው እንዲቀመጥ ሕጉ ያዝዛል። አንዳንዶቹ ቤቶች ካርድ ስለማይቀበሉም ጥሬ ገንዘብ አይለያችሁ።

ክፍሉ ውስጥ የምታገኙትን ዩካታ የሚባል ቀጭን የጥጥ ቀሚስ ሲለብሱ ግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረብ፤ ተቃራኒው ለሬሳ የሚደረግ ነው፤ ባለቤቷ ስታይ ሮጣ መጥታ ታስተካክላለች። ብርድ ከሆነባቸው ከላይ ጋቢያቸውን ቢደርቡ ማንም አይከለክላቸውም። ከናካኖጆ ወደ ሺማ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን የሚመላለሰው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ፣ የባቡር ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የእሱን ሰዓት ተመልከቱ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ የሚያደርሳችሁን ምረጡ።